ጽማዌና ዮጋ፦ ስለ ውስጥ ነፃነት



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ «ስለ ተመስጦና ስለ ዮጋ ፍልስፍና ንገሩን» ነበር ያሉኝ። ግብዣውን በደስታ ተቀበልኩ። ዮጋ በአገራችን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሰውነት ማፍታታት ነው፤ አለዚያም ስለ ባዕድ አምልኮ ነው። ሁለቱም ወሬዎች ቁም ነገሩን ይስቱታል። ቁም ነገሩ ሰው ከገዛ ቁጣው፣ ከገዛ ፍርሃቱ፣ ከገዛ ሐሳቡ አገዛዝ ነፃ መውጣት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ደብረ ማርቆስ ላይ ማንሣት ደግሞ ተገቢ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ ሁሉም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ናቸው። በእነዚህ የገዳምና የጉባኤ ቤት ቦታዎች ሰዎች ለብዙ ዘመን ከራሳቸው ጋር በዝምታ መቀመጥን ሲማሩ ኖረዋል።

የምናገረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የውስጥ ነፃነት በልምምድ የሚገኝ ነው፤ የልምምዱንም መንገድ የህንድ ጠቢባን እንዳስቀመጡት ሁሉ የእኛም አባቶች አስቀምጠውልናል። መጀመሪያ እስራቱ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ዮጋ ምን እንደሚል፣ ከዚያም የራሳችን ጉባኤ ቤትና ገዳም ምን እንዳቆየልን እናገራለሁ። በመጨረሻ ነገ ጧት ምን ማድረግ እንደምንችል እናያለን።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። እስራት ስል የእግር ብረት ማለቴ አይደለም። በዚህ አገር ሁላችንም የምናውቀውን ደም መላሽ አስቡት። ወንድሙ ተገድሎበታል፤ ገዳዩ አምልጧል። ሰውየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠመንጃውን ሳይወለውል አያድርም። ገበያ ሲወጣ ዓይኑ የሚፈልገው እህሉን ወይም ከብቱን ሳይሆን የባላጋራውን ዘመድ ነው። ልጅ ሲወለድለት ደስታው ግማሽ ነው። ሲበላም ሲተኛም ያ የሚጠላው ሰው አብሮት አለ። ማንም አላሰረውም፤ መሬቱ፣ በሬው፣ ማረሻው ሁሉ በእጁ ነው። ነገር ግን የቀኑን አዛዥነት ለጠላቱ አስረክቧል። ገዳዩም ከእሱ አይሻልም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመኝታው ይነሣል፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ በዓይኑ እስከ ኮረብታው ይሸኛቸዋል። ሁለቱን ያሰራቸው አንድ ገመድ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌና የነፍስ አባት ገብተው፣ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቅ ሲወርድ አይታችኋል። ዓመታት ቀና ብሎ ያልሄደ ሰው ቀና ብሎ ሲሄድ፣ ተዘግቶ የኖረ በር ሲከፈት አይታችኋል። በዚያች ቀን በገዳዩ ሀብት ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ እንዲያውም ካሳ ከፍሎ ይሆናል። የተለወጠው ውስጡ ነው። ዛሬ ነፃነት የምለው ያንን ነው።

ደም መላሹን ያነሣሁት ጎልቶ ስለሚታይ ነው እንጂ ነገሩ የሁላችንም ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በተነገረው ስድብ ዛሬም የሚቃጠል አለ። ሌሊት ሲነቃ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ስልኩ የሆነ፣ በማያውቀው ሰው ጽሑፍ ተናድዶ ቀኑን የሚጀምር ወጣት አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው ግጭት ተኩስ ሲሰማ ያደረ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ መንገድ ተዘግቶበት ከቤተሰቡ የተለያየ ብዙ ነው። ተኩሱ ሲቆም እንኳ በብዙዎች ውስጥ አይቆምም፤ የቆርቆሮ ድምፅ ያስደነግጣቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የውስጥ ነፃነት ለውጭ ነፃነት፣ ለሰላምና ለፍትሕ ምትክ አይሆንም። ለተራበ ሰው «ተመሰጥ» ማለት ግፍ ነው። ለተበደለ ሰው «ብሶትህን ተወውና ዓይንህን ጨፍን» ማለትም ግፍ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የውጭውን ነፃነት ለማምጣት የሚደክም ሰው ውስጡ ካልተፈታ፣ ድል ባደረገ ማግሥት እሱ ራሱ አሳሪ ይሆናል።

ኔልሰን ማንዴላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ ውስጥ የወታደር ሥልጠና ወስዷል። ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ተይዞ 27 ዓመት ታሰረ። እንግዲህ ይህ በእኛ አገር ተኩስ የተለማመደ ሰው በ1975 እ.ኤ.አ. እሷም ታስራ ለነበረችው ለባለቤቱ ለዊኒ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው የእስር ቤት ክፍል ሰው ራሱን ለማወቅ የሚመች ቦታ መሆኑን ነገራት፤ ማታ ከመተኛቷ በፊት 15 ደቂቃ ያህል በተመስጦ እንድትቀመጥና ራሷን እንድትመረምር መከራት። መጀመሪያ እንደሚያስቸግር፣ ደጋግማ ብትሞክር ግን ፍሬውን እንደምታየው አልሸሸጋትም። ከእስር ሲወጣ ካሰሩት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የቻለው በአንድ ቀን ቸርነት አይደለም። በእነዚያ ሌሊቶች ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሁለተኛው ነጥቤ፣ ዮጋ።

የዮጋ ፍልስፍና ዋና መጽሐፍ የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» ነው። ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በአራት ምዕራፍ የተከፈለ፣ ሁለት መቶ የማይሞሉ እጅግ አጫጭር አንቀጾች ያሉት መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ያህል ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሚሉት አቀማመጡ የጸናና የማያስጨንቅ ይሁን ነው። ዛሬ በፎቶግራፍ የምናየው እግር ከራስ በላይ መስቀል ከጊዜ በኋላ የሰፋ ነገር ነው። የመጽሐፉ ጉዳይ የሐሳብ መናወጥ ነው። ሐሳብ ሲናወጥ ሰው ራሱን ከሐሳቡ መለየት ያቅተዋል። ንዴት ሲመጣ ንዴቱን የሚያይ ሰው ይጠፋል፤ ንዴቱ ብቻ ይቀራል። መናወጡ ጋብ ሲል ግን ሐሳቡን የሚያይ፣ ከሐሳቡ ጋር የማይዋዥቅ ነገር በሰው ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። የፓታንጃሊ ነፃነት ይህ ነው።

ሰውን የሚያስሩት ነገሮች አምስት ናቸው ይላል፦ አለማወቅ፣ እኔ እኔ ማለት፣ በደስታ መጠመድ፣ በጥላቻ መጠመድና ሕይወትን የሙጥኝ ማለት። ልብ በሉ፣ ጥላቻና ምኞት ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። የምንወደው ነገር የምንጠላውን ያህል ሊያስረን ይችላል።

መውጫው መንገድ ስምንት ክፍል አለው፤ ከስምንቱ ውስጥ መቀመጥና መተንፈስ የሚመጡት ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ምግባር ናቸው። ማንንም አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን ከዝሙት መጠበቅ፣ አለመስገብገብ፤ ቀጥሎም ንጽሕና፣ ባለው መርካት፣ ሥጋን በተጋድሎ ማስገዛት፣ ራስንና መጻሕፍትን መመርመር፣ ራስን ለአምላክ መስጠት። ከዚህ በኋላ ነው አቀማመጥ፣ እስትንፋስ፣ ስሜቶችን መሰብሰብ፣ ሐሳብን አንድ ቦታ ማዋል፣ በዚያም መቆየት፣ በመጨረሻም መመሰጥ የሚመጣው። ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ። የጎረቤቱን ድንበር እየገፋ ጧት ጧት በተመስጦ የሚቀመጥ ሰው ፓታንጃሊ ዘንድ ገና በሩን አልረገጠም።

ሥራው የሚሠራው በሁለት ነገር ነው፤ በልምምድና በመተው። ልምምዱን ከገበሬ ልጅ በተሻለ የሚያውቀው የለም። ወይፈን ሲገራ አይታችኋል። ከአሮጌ በሬ ጋር ይጠመዳል። ከትልሙ ይወጣል፣ ገበሬው ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። ዐዋቂ ገበሬ ወይፈኑን ደብድቦ አይሰብረውም፣ «ይህስ አይረባም» ብሎ ፈትቶም አይለቀውም። ሐሳብ ወይፈኑ ነው፤ አሮጌው በሬ እስትንፋስ ነው። ሐሳብ ይወጣል፣ ወደ እስትንፋሱ ትመልሱታላችሁ። ብዙ ሰው «እኔ ሞክሬው ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ» ይለኛል። ሐሳብ መሸሹን ማወቁ ራሱ ሥራው መጀመሩን ያሳያል። ሁለተኛው ነገር መተው ነው፤ የሥራን ፍሬ የሙጥኝ አለማለት። ለዚህ ከህንድ ይልቅ እዚሁ ጎጃም የተሻለ ምሳሌ አለኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ስለ ዮጋ ታሪክ ብዙ አልቆይም። የህንዱ መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ካደረገው ንግግር በኋላ ፍልስፍናው በምዕራቡ ዓለም በሰፊው መሰማት ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ተወሰነ፤ በመጀመሪያም ሰኔ 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ተከበረ። አዲስ አበባም ላይ ይከበራል። በዕድሜ የገፋችሁት ደግሞ በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ህንዳውያንን ታስታውሳላችሁ። ዮጋ የበቀለበት አገር ለእኛ እንግዳ አልነበረም።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ መጣሁ፤ ዋናውም እሱ ነው።

አንድ የቅኔ ተማሪ አስቡ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ርቆ መጥቷል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ የሚበላ ነው። የኔታ መንገዱን ያሳዩታል፤ ከዚያ ለቅኔ ቆጠራ ብቻውን ይወጣል። ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ደበሎውን ይከናነባል። ወረቀት የለውም፣ ብዕር የለውም። ቃሉን፣ ምሥጢሩን፣ ዜማውን በሙሉ በአእምሮው ይዞ ያዋቅራል፤ በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ይጀምርና እስከ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። ሐሳቡ ወደ እናቱ ቤት፣ ወደ ራቡ፣ ወደ ትናንቱ ጠብ ከሄደ ቅኔው ይበተናል። ስለዚህ ይመልሰዋል፤ ሲሄድ ይመልሰዋል። ይህ ዮጊዎቹ ሐሳብን አንድ ቦታ ማዋል ከሚሉት ነገር በምን ያንሳል?

የመተው ምሳሌዬ እዚህ ነው ያለው። ተማሪው የደከመበትን ቅኔ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፤ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ያፈርሱበታል። ያማረውም ቢሆን ተነግሮ አበቃ፤ ነገ አይደገምም። ትናንት የተነገረን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ነገ ከባዶ ይነሣል። የሥራውን ፍሬ አለመያዝን በትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲህ አድርጎ ያስገባ ሌላ ትምህርት ቤት ቢኖር ማየት እወዳለሁ። የጎጃሞቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው በቅኔ ውበት ነው፤ ውበቱን ያፈራው ግን ይህ ብቸኝነትና ይህ መተው ነው።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው የወጡት። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ተምረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ ጉዱ ካሳን ሰጡን፤ ሁሉም እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚቆጥረውን የባላባት ወግ የሰው ልማድ መሆኑን ያየ፣ ስላየም እብድ የተባለ ሰው። ጉዱ ካሳ በአእምሮው ነፃ ነው። ዕረፍት ግን የለውም፤ ያየው ነገር ያቃጥለዋል። ማየት የነፃነት ግማሽ መሆኑን ከእሱ እንማራለን። ሌላውን ግማሽ የሚያስተምሩት መነኮሳት ናቸው።

በትርጓሜ ጉባኤ ውስጥ ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ሌላ አራተኛ ጉባኤ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ መጻሕፍተ መነኮሳት። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። እነዚህ ስለ ሐሳብ መናወጥና መሰብሰብ፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ተመስጦ የሚናገሩ መጻሕፍት ናቸው። መጀመሪያ የተጻፉት በሱርስት ቋንቋ ነው፤ ማር ይስሐቅ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፣ ነነዌም ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር ናት። አባቶቻችን «ከባዕድ አገር የመጣ ነው» ብለው አልጣሉትም። መረመሩት፤ ወደ ግዕዝ መለሱት፤ በአማርኛ አንድምታ አብራሩት፤ የራሳቸው አደረጉት። ከውጭ የመጣን ጥበብ እንዴት መቀበል እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ አርአያ አናገኝም።

በዚህ ትምህርት የቅድስና ጉዞ ሦስት ወገን ነው፦ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። በእነሱ ሥር ዐሥር መዓርጋት አሉ። የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ከብዙ ነገርና ከብዙ ጫጫታ ተለይቶ ዝም ማለት። ሁለተኛው ልባዌ ነው፤ የሚጸልዩትንና የሚሰሙትን ልብ ብሎ ማስተዋል። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ምላስ ብቻ ይለው የነበረው ቃል ለልብ ሲጣፍጠው። ከዚያ አንብዕ ይመጣል፣ ዕንባ። ከዚያ ኩነኔ፣ ሥጋ ለነፍስ ሲገዛ። ከዚያ ፍቅር፣ ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ። ከዚያ በላይ ያለውን የሚናገረው የደረሰበት ሰው ነውና እኔ እዚህ አቆማለሁ። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት፤ ሁሉን መውደድ ስድስተኛ ላይ ነው ያለው፣ ዝምታ አንደኛ ላይ። እኛ ብዙ ጊዜ ከስድስተኛው ልንጀምር እንፈልጋለን። «ጠላትህን ውደድ» እንባባላለን፤ ለአሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ያቅተናል።

ዮጋና የመነኮሳት ትምህርት አንድ ናቸው እያልኩ ነው? አይደለም። ፓታንጃሊ የሚፈልገው ተመልካቿ ነፍስ ከተፈጥሮ ተለይታ ብቻዋን መቆሟን ነው። መነኩሴው የሚፈልገው እግዚአብሔርን ነው፤ የሚደርስበትንም ጸጋ ይለዋል እንጂ የራሱ ሥራ አይለውም። ሁለቱን ደባልቆ አንድ ነው ማለት ሁለቱንም መናቅ ነው። በአእምሮና በሰውነት ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ይመሳሰላል፤ ከዚህ መማማር ይቻላል። መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦታ የሚያደርስ ክርስቲያን እስትንፋሱን ልብ ቢል፣ ቃሉን ባይጣደፍበት፣ የራሱን ጸሎት ነው የሚያጠልቀው። ሙስሊም ወገኖቼም ዚክር አላችሁ፤ ሐሳብ ሲሸሽ በአላህ ስም መመለስን ታውቃላችሁ። ሃይማኖታዊ ጥርጣሬ ያለበት ሰው የነፍስ አባቱን ወይም ሼሁን ይጠይቅ፤ መልካም ነገር ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው። እኛ ይህን ሁሉ ሀብት ለበቁ ሰዎች ትተነዋል። ባሕታዊውን ከሩቅ እናከብራለን፣ እጁን እንሳለማለን፣ «የእነሱ ነው» ብለን ወደ ጫጫታችን እንመለሳለን። ሰባቱን አጽዋማት እንጾማለን፤ ሆዳችን ሲጾም ስልካችን ይፈስካል። ዐሥረኛው መዓርግ የጥቂቶች ሊሆን ይችላል። ጽማዌ ግን ለገበሬውም፣ ለነጋዴዋም፣ ለፈተና ለሚዘጋጀው ተማሪም ክፍት ነው።

እንግዲህ ነገ ጧት ምን እናድርግ? ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ተቀመጡ። መደብ ላይ ይሁን በርጩማ ላይ፣ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል፣ ትከሻችሁ ይላላ። የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ልብ በሉ። የምትጸልዩ ከሆነ አንዲት አጭር ጸሎት ከእስትንፋሱ ጋር አዋህዱ። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፤ «ይህ ቁጣ ነው»፣ «ይህ ፍርሃት ነው»፣ «ይህ ዕቅድ ነው» ብላችሁ ስሙን ጥሩትና ተመለሱ። ሰማያዊ ብርሃን አትጠብቁ። የምትፈልጉት ፍሬ የሚታየው በቀኑ መካከል ነው፤ አንድ ሰው ክፉ ቃል ሲናገራችሁ ከቃሉና ከመልሳችሁ መካከል ትንሽ ጊዜ ስታገኙ። ደም ያፋሰሰው ብዙ ጠብ ያችን ትንሽ ጊዜ ያጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባየው ወይም በደረሰበት ነገር እንቅልፍ ያጣ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ያ ነገር የሚመጣበት ሰው ብቻውን ረጅም ጊዜ አይቀመጥ። ሊብስበት ይችላል። ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩ መሬት መርገጡን እያስተዋለ በእርጋታ ቢራመድ ይሻለዋል፤ ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ጋር ይሂድ። መድኃኒት የጀመረም ለተመስጦ ብሎ፣ ለጸበልም ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

እዚህ ላላችሁ ተማሪዎች አንድ ልመና ልጨምርና ላብቃ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ዲማ ውረዱ፣ ደብረ ኤልያስ ሂዱ። ፎቶግራፍ ለማንሣት አይሁን። አንድ ቀን ከቅኔ ተማሪ ጋር ዋሉ፤ ቆጠራ ሲወጣ ርቃችሁ ተቀመጡ፣ ሲመለስ እንዴት ሐሳቡን እንደሚሰበስብ ጠይቁት። ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ እነዚያ ልጆች ዛሬም ለምነው ነው የሚማሩት። እናንተም መምህራን፣ መጻሕፍተ መነኮሳትን የተማሩ አባቶችን ወደ ክፍላችሁ ጋብዙ። በሕይወት ሳሉ እንስማቸው።